ስለ ደሴት ነፍሳት ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

ባለመረቡ፦ ነፍሳት ባሕር አቋርጠው ደሴት ላይ እንዴት እንደሚደርሱ፣ ደርሰውም እንዴት አዲስ ዝርያ እንደሚሆኑ ጠይቁኝ። አብዛኛው ምሳሌዬ ከሃዋይ ነው፣ እንደ እሷ የተጠና ጥቂት ነው። የትኛው ነፍሳት፣ የትኛው ደሴት ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ የደሴቱ ዕድሜ የዝርያው ዕድሜ አይደለም።

ትዕግሥት፦ ጋሼ፣ ሃዋይ ከአሜሪካ የባሕር ዳርቻ 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ትንሽ ዝንብ ያን ሁሉ እንዴት በረረች?

ባለመረቡ፦ አልበረረችም፣ ተወሰደች። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነፍሳት አንዴ ከፍ ካለ መንገዱን የሚመርጥለት ነፋሱ ነው። ከ1926 እስከ 1931 በሉዊዚያና ሰማይ ላይ አውሮፕላን ላይ ማጥመጃ ታስሮ ሲበረር ከ4,000 ሜትር በላይ ነፍሳት ተይዘዋል፣ ከእነሱም ከፍ ብሎ ሸረሪት። በኋላም የሃዋይ ቢሾፕ ሙዚየሙ ሊንዝሊ ግሬሲት መርከብና አውሮፕላን ላይ መረብ እያስያዘ ፓስፊክን አሰሰ።

ከባዱ ከደረሱ በኋላ ያለው ነው። ብቻውን የወደቀ ወንድ ምንም አይፈይድም። ቁም ነገር ያላት ከወንድ ተገናኝታ ዘሩን በሆዷ የያዘች እንስት ናት፤ እሷም ብትሆን እጮቿ የሚበሉትን ካላገኘች አለቀላት። በዚህ ምክንያት ሃዋይ ደርሰው ዘር ያስቀሩት የነፍሳት ቅድመ አያቶች 400 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ከነዚያ ግን ከ5,000 በላይ የአገሬው ዝርያ ወጥቷል።

ኃይሌ፦ አዲስ ዝርያ እንዴት ነው የሚፈጠረው?

ባለመረቡ፦ የምን? የት?

ኃይሌ፦ ይቅርታ፣ የሃዋይ ዝንቦች ማለቴ ነው። ድሮሶፊላ።

ባለመረቡ፦ አሁን ተግባባን። የሃዋይ ድሮሶፊላና የቅርብ ዘመዶቹ ስም የወጣላቸው ብቻ ከ500 በላይ ናቸው፣ ያልተሰየመውም ብዙ ነው። ምንጫቸው ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የደረሰ አንድ ዘር ነው። ልብ በሉ፦ ዛሬ ካሉት ትልልቅ ደሴቶች አንጋፋው ካዋይ እንኳ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የቀረውን 20 ሚሊዮን ዓመት የኖሩት ባሕር በልቷቸው አለት ብቻ በቀሩ ወይም ጭራሽ በሰጠሙ ደሴቶች ላይ ነው። እሳተ ገሞራውን የሚመግበው ትኩስ ቦታ ባለበት ሲቆይ የፓስፊክ የመሬት ቅርፊት በላዩ በዓመት ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ስለዚህ ደሴቶቹ በዕድሜ ይደረደራሉ፦ ካዋይ፣ ቀጥሎ ኦዋሁ፣ ሞሎካይ፣ ማዊ፣ መጨረሻ ላይ ገና 1 ሚሊዮን ዓመት ያልሞላት ትልቋ ሃዋይ። ዝንቦቹም በአመዛኙ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ነው የተሻገሩት።

ይህ እንዴት ታወቀ? በ1963 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ጥናት ሃምፕተን ካርሰን የዝንቦቹን ክሮሞዞም አነበበ። ያደገ እጭ ምራቅ ዕጢ ተነቅሎ ይወጣል፣ ቀለም ይነከራል፣ በሁለት መስታወት መካከል ይጨፈለቃል። ክሮሞዞሙ እዚያ እጅግ ገዝፎ ስለሚገኝ ጥቋቁር መስመሮቹ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። አንዱ ደሴት ላይ ሀ-ለ-ሐ-መ የነበረው ቅደም ተከተል ሌላው ላይ ሀ-ሐ-ለ-መ ሆኖ ከተገኘ መሐሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ያው ግልባጭ በትክክል አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ መከሰቱ የማይመስል ስለሆነ፣ የሚጋሩት ሁሉ ዘመድ ናቸው። ግልባጩን በግልባጭ እየተከተሉ የማዊዋ ፕላኒቲቢያ የትልቋ ደሴት ሁለት ዝርያዎች፣ የሲልቨስትሪስና የሄትሮኒውራ፣ የቅርብ ዘመድ እንደሆነች ደረሱበት።

አሁን ሁለቱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሄትሮኒውራ ወንድ ጭንቅላቱ እንደ መዶሻ ወደ ጎን ሰፍቶ ዓይኖቹ ጫፍና ጫፍ ላይ ናቸው፣ ከተቀናቃኙ ጋር ግንባር ለግንባር ይገፋፋል። የሲልቨስትሪስ ወንድ ጭንቅላት እንደማንኛውም ዝንብ ነው፤ ግን የፊት እግሩ ላይ በረድፍ የቆሙ ፀጉሮች አሉት፣ በእነሱ የእንስቷን ሆድ እየደባበሰ ያግባባል። በደሴቷ ምዕራብ፣ በኮና በኩል፣ ያሉት ሁለት ረድፍ አላቸው፣ በምሥራቅ፣ በሂሎ በኩል፣ ያሉት ሦስት። ደሴቷም ዝርያዋም ገና ለጋ ናቸው፣ ያም ሆኖ ግራና ቀኙ መለያየት ጀምሯል። ቅልጥ አለት ወርዶ ደኑን ሲከበው መሐል የሚቀረውን ቁራሽ ሃዋውያን ኪፑካ ይሉታል፤ ደሴት ላይ ያለ ሌላ ደሴት ነው፣ ጥቂት ዝንቦችን ከዘመዶቻቸው ይነጥላል።

ዳንኤል፦ ሁለቱ ላብራቶሪ ውስጥ ይዳቀላሉ ይባላል። ታዲያ አንድ ዝርያ አይደሉም?

ማርታ፦ ፈረስና አህያም ይዳቀላሉ።

ዳንኤል፦ በቅሎ መካን ናት እኮ! የእነዚህ ዲቃላ ግን ይወልዳል።

ማርታ፦ በዚህ ስሌት ተኩላና ውሻም አንድ ናቸው ልትል ነው።

ዳንኤል፦ ብዙዎች ይላሉ!

ባለመረቡ፦ ውሻውን ተዉት። ሁለቱም በክለርሞንቲያ ዛፍ ብስባሽ ቅርፊት ውስጥ ይራባሉ፣ በአንድ ደን ይገናኛሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ይዳቀላሉ፣ ዲቃላውም ይወልዳል። ዱር ውስጥ ግን የተገኘው ዲቃላ ጥቂት ነው፤ የሚለያቸው መጠናናቱ ነው። ምርጫ ሳይሰጣቸው ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋባቸው ዝንቦች ያደረጉት የዱሩን ነገር አያስረዳም።

የጎንደሩ፦ የጣና ደሴቶችስ የራሳቸው ነፍሳት አላቸው?

ባለመረቡ፦ ለዳርቻው ቅርብ ናቸው። በራሪው በቀላሉ ይሻገራል፣ ዘሩም ይቀላቀላል። ለመለየት የሚበቃ ርቀት አይደለም።

የጎንደሩ፦ ሰሜንና ባሌ ተራሮችስ?

ባለመረቡ፦ ይኼ ደህና ጥያቄ ነው። ለቀዝቃዛ ቦታ ነፍሳት ከፍታው ደሴት፣ ቆላው ባሕር ነው። ትሬኩስ የሚባሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ጥንዚዛዎች በኢትዮጵያ ደጋዎች ብዙ ዝርያ አላቸው፣ አብዛኞቹ አይበሩም፣ በእግራቸው ስምጥ ሸለቆን ወይም የዓባይን በረሃ አይሻገሩም። ፈልጋችሁ ለማየት ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከምንጭ አጠገብ፣ እርጥብ ድንጋይ ገልብጡ። ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት፣ ካልሆነ ሥሩ ይደርቅና የቀረው ሁሉ ያልቃል። ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንድም አታንሱ።

አቤል፦ አንበጣስ? ከየመን ኢትዮጵያ ሲመላለስ ለምን ሁለት ዝርያ አልሆነም?

ባለመረቡ፦ ስለሚመላለስ ነዋ። በ1988 ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ደርሷል፤ ለእንዲህ ያለ በራሪ ቀይ ባሕር ምንም አይደለም። እጅግ የሚሻገር ዘሩ እየተቀላቀለ አንድ ሆኖ ይቀራል። ጭራሽ የማይሻገርም የሚለያይበት ሌላ ደሴት አያገኝም። ዝርያ የሚበዛው በረጅም ዘመን አንዴ ብቻ፣ በአጋጣሚ፣ ለሚሻገረው ነው። አንበጣም ቢሆን ዕድሉ አልጠፋውም፦ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አሜሪካ ደርሶ የቀረ ዘመዱ ዛሬ በደርዘን የሚቆጠር ዝርያ ሆኗል።

ሚሚ፦ የደሴት ነፍሳት ክንፍ የሚያጡት ነፋስ ባሕር ውስጥ እንዳይጥላቸው ነው አይደል?

ባለመረቡ፦ ዳርዊን በ1859 ያለው ይህንኑ ነው፤ ከማዴይራ ደሴት 550 የጥንዚዛ ዝርያዎች 200ው መብረር አይችሉም ነበር። በ2020 በደቡባዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የወጣ ጥናትም ለነፋስ ፈርዷል። ግን ክንፍ ምግብ ይበላል፣ የበረራ ጡንቻ የሌላት እንስት ያንን ለእንቁላል ታውለዋለች። ትሬኩስም ባሕር የለበትም።

ሰላም፦ ዝንብ ያን ሁሉ ባሕር እንዴት ነው የምትበረው?

ባለመረቡ፦ ለትዕግሥት የመለስኩትን አንብቢ።

አቤል፦ ካዋይ ላይ ድምፃቸውን ያጡት ፌንጣዎች በ20 ትውልድ አዲስ ዝርያ ሆኑ ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለመረቡ፦ አልሆኑም። ኦርሚያ የምትባል ዝንብ የሚጮኸውን ወንድ በድምፁ ተከትላ እጯን ትጥልበታለች፣ እጩም ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በ2003 በታየው ጊዜ ክንፉ ድምፅ የማይሰጠው ወንድ በዝቶ ተገኘ። የተለወጠው አንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ባሕርይ ነው። ፈጣን ዝርያ አፈጣጠር ካማረህ የሃዋይን ላውፓላ ፌንጣዎች ተመልከት፦ መልካቸው አንድ፣ የሚለዩት በሰከንድ ስንት ጊዜ "ጢር" እንደሚሉ። በትልቋ ደሴት በሚሊዮን ዓመት ከ4 በላይ ዝርያ ሲያወጡ ተሰልቷል።

ሚሚ፦ ሃዋይ ላይ ጉንዳንስ?

ባለመረቡ፦ አገር በቀል የለም። ሁሉም ከሰው ጋር የመጣ ነው። ትንኝም በ1826 በመርከብ ነው የገባው።

ማርታ፦ የሁለት ደሴት ጥንዚዛዎች ሲኦአይ በሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን 4.6 በመቶ ይለያያሉ። በሚሊዮን ዓመት 2.3 በመቶ ብዬ ሳሰላ 2 ሚሊዮን ዓመት መጣ። አዲሱ ደሴት ግን 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

ባለመረቡ፦ መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይኸው መጣ። የደሴቱ ዕድሜ የዝርያው ዕድሜ አይደለም! ሁለቱ አሮጌው ደሴት ላይ እያሉ ተለያይተው፣ አንዱ በኋላ ተሻግሮ፣ እዚያ የቀረው ዘመዱ ጠፍቶ ወይም ሳትሰበስቢው ቀርቶ ይሆናል። ቀጥሎ 2.3 ከተለያዩ አርትሮፖዶች የተወሰደ አማካይ ነው፣ ያንቺ ጥንዚዛ ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል። ሦስተኛ፣ 658ቱን ፊደል ወደ ፕሮቲን ተርጉሚው፤ መሐል ላይ ማቆሚያ ምልክት ከወጣ ያነበብሽው ወደ ኑክሊየስ የገባ የሞተ ቅጂ ነው፣ ጣይው። አራተኛ፣ ቮልባኪያን መርምሪ፤ ይህ ባክቴሪያ አንድን የእናት መስመር በመንጋው ላይ ያነግሠዋል፣ ሲኦአይ ደግሞ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ታሪኩን ያዛባል። ቢያንስ ጥቂት የኑክሊየስ ጂኖች ሳትጨምሪ ዕድሜ አትጻፊ።

ማርታ፦ ናሙናውስ በ70 በመቶ አልኮል ይቆያል?

ባለመረቡ፦ ለዲኤንኤ 95። 70 ለቅርጽ ጥናት ነው። ከተነከረ በማግስቱ አልኮሉን ቀይሪው፣ የነፍሳቱ ውኃ ያቀጥነዋል። ከዚያ ፍሪዘር።

ዳንኤል፦ ስለ በቅሎዋ ግን አልመለሱልኝም።

ባለመረቡ፦ አልመልስም። የዝንብ ጥያቄ ያለው?