ጉራቻው ፈረሴ ፎቶ ላይ ዓይኑ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጉራቻ ፈረስ አለኝ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ኮርቻና ግላሱን ለብሶ ሲወጣ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ በስልኬ ሳነሳው ግን ፊቱ ጥቀርሻ መስሎ ዓይኑ ይጠፋል፣ አፍንጫው ያለ መጠኑ ይገዝፋል። ወንድሜ ሲጋልበው ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛል። ስልክ መለወጥ ይኖርብኝ ይሆን?
ከእንጅባራ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ስልክዎ ይበቃዎታል፤ የሚለወጠው የሚቆሙበት ቦታና ሰዓቱ ነው። ጥቁር ጠጉር ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ፀሐይ በቀትር ከላይ ስትወርድ የቅንድቡ አጥንት ዓይኑን ያጠላበታል፤ ከጀርባው ብሩህ ሰማይ ካለ ደግሞ ስልኩ ለሰማዩ ብሎ ምስሉን ያጨልመውና ፈረሱ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የእንጅባራ ጠዋት ቢቀዘቅዝም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አለዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ፀሐይዋን ከትከሻዎ ኋላ አድርገው ይቁሙ፤ ከፈረሱ ጀርባም በሰማይ ፈንታ መስክ ወይም ራቅ ያለ የዲከረንስ ዛፍ ደን ይሁን። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የፈረሱን ዓይን በጣትዎ ነክተው፣ የፀሐይ ምልክት ከወጣልዎ የጋማው ጠጉር ተለይቶ እስኪታይ ድረስ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉት። በእኔ እምነት ጉራቻ ፈረስ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ስስ ደመና ባለበት ቀን ነው፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ለስልሶ ስለሚመጣ ጡንቻው ሁሉ ይታያል።

አፍንጫው የሚገዝፈው በጣም ስለሚጠጉ ነው። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ የቀረበውን ያገዝፋል፣ የፈረስ ፊት ደግሞ ረጅም ነው። ከአራት እስከ አምስት ሜትር ርቀው ምስሉን በሁለት እጥፍ ያቅርቡ፤ ስልኩንም በፈረሱ ደረት ከፍታ ይያዙት፣ ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግሩ ያጥራልና።

ለግልቢያው ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳውን አሠራር ይጠቀሙ። ስልክዎ የመዝጊያ ፍጥነት፣ ማለትም ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚያስገባበትን የጊዜ ርዝመት፣ የሚያስመርጥ ከሆነ 1/1000ኛ ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ ይህ ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ፈረሱ በፊትዎ በጎን ሲያልፍም ስልኩን ከእርሱ ጋር እኩል ያዙሩት።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፦ ፍላሽ አይጠቀሙ። በፈረስ ዓይን ውስጥ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ ዓይኑ እንደ ፋና ይበራል፣ እንስሳውም ይደነግጣል። ፈረስ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ሁልጊዜ በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ ይቅረቡት። ጆሮዎቹ ወደ ፊት እንዲቀኑ ከፈለጉ ደግሞ ወንድምዎ ከጎንዎ ቆሞ በሰፌድ ገብስ ያንሿሽ፤ እርስዎም ጣትዎን ከፎቶ ማንሻው ቁልፍ ላይ ሳያርቁ ይጠብቁ።