የፔንታጎን ገንዘብና ሲሊከን ቫሊ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። የአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን እንዴት እንደቀረጸ የምታጠኑ ጠይቁኝ። በደንብ የማውቀው የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የቺፕ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። አስቀድሜ አደራ፦ የምርምር ድጎማና የግዢ ውል የተለያዩ ናቸው። አትቀላቅሏቸው።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ሲሊከን ቫሊን የፈጠረው ፔንታጎን ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ፈጠረው አልልም። ዕቃውን የሚገዛ ደንበኛ ሆነለት። ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ውሰዱ። በ1957 ሲቋቋም መነሻ ገንዘቡ ከግል ኩባንያ ነው የመጣው። የመጀመሪያ ሽያጩ ግን 100 ትራንዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ) ነበር፣ አንዱ በ150 ዶላር። የገዛው የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ነው፤ ዕቃው የሚገባው ቢ-70 ለተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሚኒትማን ሚሳይል ትእዛዝ መጣ። ሚሳይል ላይ ደግሞ ብልሽት አይታለፍም። ያኔ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ውስጥ ብናኝ እየገባ ያበላሻቸው ነበር። የፌርቻይልዱ ዣን ሆርኒ የትራንዚስተሩን ገጽ በኦክሳይድ የሚሸፍነውን የፕላናር ዘዴ አመጣ፤ ችግሩ ተፈታ። ከፌርቻይልድ መሥራቾች አንዱ ሮበርት ኖይስ በ1959 የተቀናጀ ሰርኪዩቱን (ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ላይ የያዘውን፣ ዛሬ ቺፕ የምንለውን) ያሰበው በዚሁ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ነው።

አሁን ዋጋውን እዩ። በ1962 የአሜሪካ የተቀናጀ ሰርኪዩት ምርት በሙሉ ማለት ይቻላል ለመንግሥት ሥራ ነበር የሚሄደው። አማካይ ዋጋው 50 ዶላር ገደማ ነው። በ1968 ዋጋው ወደ 2.33 ዶላር ወረደ፤ የወታደሩም ድርሻ 37 በመቶ ሆነ። ውድ በነበረበት ጊዜ የከፈለው ወታደሩ ነው፤ ሲረክስ ሌላው ገዛ። ኖይስ ራሱ የመንግሥትን የምርምር ገንዘብ ብዙም አይፈልግም ነበር። ሽያጩን ግን ይፈልጋል። አትቀላቅሏቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ከሜሪላንድ፦ ኢንተርኔትስ?

መልስ፦ መነሻው አርፓ የተባለው የፔንታጎን የምርምር ድርጅት የዘረጋው ኔትወርክ ነው፣ 1969። ብዙ ተጽፎበታል፣ አንብብ።

ከባሕር ዳር፦ ጉግልን ሲአይኤ ነው ያቋቋመው ይላሉ።

መልስ፦ እነማን ናቸው የሚሉት? የጉግል መሥራቾች የፔጅና የብሪን ጥናት ስታንፎርድ ከነበረው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው። ያንን የደገፉት ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ዳርፓ (ያው አርፓ፣ በኋላ ስሙ ተቀይሮ) እና ናሳ ናቸው። ይሄ የምርምር ድጎማ ነው። የሲአይኤው የኢንቨስትመንት ድርጅት ኢን-ኪው-ቴል በ2003 ገንዘብ ያስገባው ኪሆል በተባለ የካርታ ኩባንያ ነው። ጉግል በ2004 ገዛው፣ ጉግል ኧርዝ ሆነ። ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው።

ከሜሪላንድ፦ ያም ሆነ ይህ ግብር ከፋዩ ከፈለ፣ ባለሀብቱ ከበረ።

ከድሬዳዋ፦ ሶቪየትም ለሚሳይል ስንት አፍስሳለች! የታለ እንደ አሜሪካው የቺፕ ኩባንያ ያለ የሶቪየት ኢንቴል?

ከሜሪላንድ፦ እኛም አለንበት እኮ። አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖቹን ቃኘው ጣቢያ ረሳችሁ?

መልስ፦ ቃኘው የመገናኛና የስለላ ጣቢያ ነበር። ለቺፕ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የድሬዳዋው ጥያቄ ግን ትልቅ ነው። ፌርቻይልድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሲቪል ገበያ ዋጋውን ከማምረቻ ወጪው በታች አወረደ። ብዙ ከሸጥን ወጪው ራሱ ይወርዳል ብለው ነው የደፈሩት። ሶቪየት ውስጥ እንዲህ ዋጋ ሰብሮ የሚከተለው ሰፊ የሲቪል ገበያ አልነበረም። የወታደር ገንዘብ ብቻውን ኢንዱስትሪ አያቆምም።

ከሐዋሳ፦ ስለዚህ ፔንታጎን ነው የፈጠረው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ከአዳማ፦ መረጃ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ የየትኛው ኩባንያ? የየትኛው ዘመን? እንዲህ በደፈናው አይጠየቅም። ለቺፑ ዘመን ከሆነ የኩባንያዎቹን ዓመታዊ ሪፖርትና የኮንግረስ ችሎቶችን ቃለ ጉባኤ ያዝ። የፔንታጎንን የውል ዝርዝር ብቻ ይዘህ ግን እንዳትደመድም። ያ የ100 ትራንዚስተር ሽያጭ ለአይቢኤም ነው የተሸጠው፤ ፌርቻይልድን በቀጥታ ውል ዝርዝር ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም። መጀመሪያ ዋናውን ተቋራጭ፣ ማለትም ከመንግሥት ጋር በቀጥታ የተዋዋለውን ኩባንያ ለይ፤ ከዚያ ዕቃውን ከማን እንደገዛ ወደ ታች ተከታተል።