ስልኩን ከመግዛትዎ በፊት ስለ ታብሌቱ ይጠይቁት

ጥያቄ

«የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ስልክ ግዛልኝ ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። አሁን ልገዛለት ወስኛለሁ፤ ግን እንዲሁ በነፃ ልሰጠው አልፈልግም። እኔ በሱ ዕድሜ የያዝኩትን ሁሉ የያዝኩት በላቤ ነው። ርካሽ ስማርትፎን እገዛለትና ዋጋውን ከኪስ ገንዘቡ እየቀነሰ በ24 ወር ይከፍለኛል። ውሉን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው መፈረም ብቻ ነው። ሁለት ወር ካልከፈለ ስልኩን እወስዳለሁ። ከሰበረውም ማሠሪያውን ራሱ ይከፍላል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ግድየለሽ ነው። አምና የቤቱን ታብሌት ሰብሮ ሦስት ሳምንት አልጋው ሥር ደብቆት፣ እናቱ አንሶላ ስትቀይር ነው ያገኘችው። ውሉን ሳሳያት ግን ‹ልጅህን ነው ወይስ ተከራይህን የምታስፈርመው?› ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ስልኩ መነጋገር አቁመናል። ምን ዓይነት ስልክ ልግዛ? ሲም ካርዱስ ቅድመ ክፍያ ይሁን ወይስ ወርሃዊ? ባለቤቴንስ እንዴት ላሳምናት?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ስልኩና ስለ ሲም ካርዱ የጠየቁኝን ወደ መጨረሻው እመልስልዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሌላ ነገር ላውራዎት።

ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ይገዛል፣ ኋላ ያስባል። እርስዎ ቀድመው አስበዋል። ልጅዎ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቅ መፈለግዎም ተገቢ ነው። በዚህ አልከራከርዎትም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ያስጨነቀኝ ግን የስልኩ ዋጋ አይደለም። ውሉም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ብዙም አላስደነገጠኝም። ያስጨነቀኝ «ሦስት ሳምንት» የሚለው ነው። እርስዎ ለግድየለሽነቱ ማስረጃ ብለው በአንድ መስመር ጠቅሰውት አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ግድየለሽ ልጅ አይደብቅም። ግድየለሽ ልጅ ታብሌቱን ይሰብርና ሶፋው ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሲጠየቅም «እኔ እንጃ» ይላል። የደበቀ ልጅ ነገሩ በደንብ የገባው ልጅ ነው። ዋጋውን ያውቃል። የሚመጣውን ቁጣም ያውቃል። እስቲ ለአፍታ በሱ ቦታ ሆነው ያስቡት። ሦስት ሳምንት ማለት 21 ሌሊት ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ 21 ሌሊት የተሰነጠቀ ስክሪን ከአልጋው ሥር አስቀምጦ ተኝቷል። «ታብሌቱ የት ገባ?» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ድም ድም ሳይል አልቀረም። ጠዋት ቁርሱን እየበላ፣ ማታ የቤት ሥራውን እየሠራ፣ ያንን ነገር ብቻውን ተሸክሞት ከርሟል። እርስዎ በዚያው ቤት ነበሩ። እናቱም ነበረች። ግን ለአንዳችሁም አልነገረም።

ከተገኘበት በኋላ ምን እንደተደረገ አልጻፉልኝም። ተቆጡት? አለቀሰ? ለምን እንደደበቀው ጠየቁት? ምናልባት ከተሰበረው ዕቃ ይልቅ ዝምታው መነጋገሪያ ሆኖ አያውቅ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ያ ነገር ገና አላለቀም። አሁን እየጻፉት ያሉት ውልም የሱ ተከታይ ይመስለኛል።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ልንገርዎት። በውሉ መሠረት ልጅዎ ለሁለት ዓመት የእርስዎ ተበዳሪ ይሆናል። እርስዎም አበዳሪው። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን መንገድ ላይ ከሩቅ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ አሳብሮ ይሄዳል። አበዳሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሲያየው ዕዳው ትዝ ስለሚለው ነው። አባት ልጁ ሲጨንቀው ወደሱ የሚሮጥበት ሰው መሆን አለበት። እርስዎ ሳያስቡት፣ ያውም በጥሩ ልብ፣ ልጅዎ ሲጨንቀው መንገድ የሚያሳብርበት ሰው ሊሆኑ ነው።

ዕቃው ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ስልክ ግን ሌላ ነው። ስልኩ አንዴ እጁ ከገባ የሚያሳስበኝ ነገር በስክሪኑ በኩል የሚመጣው ነው። የማያውቀው ሰው «ሰላም፣ ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ ይጽፍለታል። የክፍል ጓደኞቹ በቡድን ሆነው አንድ ልጅ ላይ ሲያሾፉ ያያል፤ ወይ የሚሾፍበት እሱ ራሱ ይሆናል። ያላሰበውን ዘግናኝ ቪዲዮ ያያል። ይባስ ብሎ ፎቶ እንዲልክ አታልለውት «ለቤተሰብህ እናገርብሃለሁ» ብለው ያስፈራሩታል። እንዲህ የሚያስፈራሩ ሰዎች ትልቁ መሣሪያቸው ፎቶው ሳይሆን ልጁ ለወላጆቹ ያለው ፍርሃት ነው። ልጁ ለአባቱ ደፍሮ መናገር ከቻለ መሣሪያቸው ከእጃቸው ወጣ ማለት ነው።

በምክር ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸውን ልጆች «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» እላቸዋለሁ። ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ይመቱኛል» አይደለም። «ስልኬን ይቀሙኛል» ነው። ለአዋቂ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለልጁ ግን ስልኩ ጓደኞቹ ያሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ይሠራል። ከተናገርኩ ስልኬ ይሄዳል፣ ዝም ካልኩ ግን ምናልባት ያልፋል ይላል። እናም ዝም ይላል። የእርስዎ ልጅ ይህን ሒሳብ አምና አንዴ ሠርቶታል። በሦስት ሳምንት ዝምታ ነው መልሱን የሰጠው። አሁን የሚፈርመው ወረቀት ላይ ደግሞ «እወስዳለሁ» የሚለው ቃል በእርስዎ እጅ ተጽፎ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ለወላጆች የምነግረውን አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሆካን ስታቲን እና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ስለ ልጁ ውሎ ብዙ የሚያውቅ ወላጅ በደንብ የሚቆጣጠር ወላጅ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እነሱ ግን «ወላጁ ይህን ሁሉ ያወቀው ከየት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከቁጥጥሩም ከጥያቄውም በላይ ትልቁ ምንጭ ልጁ ራሱ ነበር። ወዶና ፈቅዶ ስለሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዝርዝሩ ላይ ተከራክረዋል። ደንብ ማውጣትና መጠየቅም የራሳቸው ጥቅም እንዳላቸው፣ በተለይ ለትንንሽ ልጆች፣ እኔም አምናለሁ። ጥናቱ የተሠራውም ስማርትፎን ከመምጣቱ በፊት ነው። እኔ ግን ስማርትፎን ከመጣ ወዲህ ይበልጥ እውነት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ድሮ ወላጅ ልጁ ከማን ጋር እንደቆመ በመስኮት ማየት ይችል ነበር። አሁን ልጁ አጠገብዎ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚያውቁት እሱ ከነገረዎት ነው።

ስለ ባለቤትዎ ደግሞ ትንሽ ልበል። እንዴት ላሳምናት ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ ነገር ከሷ ጋር ነኝ። ታብሌቱን ከአልጋው ሥር ያገኘችው እሷ ናት። ምናልባት ያን ዕለት የልጁን ፊት ያየችውም እሷ ትሆናለች። «ተከራይህን ነው ወይ» ያለችው ከዚያ የመጣ ቢሆንስ? ይህ ግምቴ ነው። ልክ መሆኑን ማወቅ የሚቻለው እሷን በመጠየቅ ነው። ለማሳመን ሳይሆን ለመስማት ብለው ይጠይቋት።

«በላቤ ነው የያዝኩት» ያሉትንም ሳላየው አላለፍኩም። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ግን ከባድ ናት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለእኔ መመለስ የለብዎትም። በ12 ዓመትዎ የሰው ዕቃ ቢሰብሩ ለማን ነበር የሚነግሩት? የሚነግሩት ሰው ካልነበረዎት፣ ለልጅዎ ከላብ ሌላ የሚያወርሱት ነገር አለ ማለት ነው።

ገንዘብን ማስተማር ይቅር አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ግን ቢቀይሩት ደስ ይለኛል። ልጅ ቀድሞ አጠራቅሞ ሲያዋጣ «ይህ የኔ ነው» ይላል። ዕዳ ሲከፍል ግን የሚሰማው የሚቀነስበት ነው። ለ12 ዓመት ልጅ 24 ወር እስካሁን የኖረው ዕድሜ ስድስተኛ እጅ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይንቀራፈፋሉ። ለሚንቀራፈፍ ስልክ ዕዳ መክፈል ለትልቅ ሰውም ያማል። ለምሳሌ ስልኩን እናንተ ብትገዙለትና ከቨሩንና የስክሪን መከላከያውን እሱ አጠራቅሞ ቢገዛ፣ ወይም በየወሩ ከሚገዛው ዳታ ትንሹን ድርሻ ቢችል፣ ትምህርቱ ይደርሰዋል። ዕዳም አይሆንበትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። እኔ የስልክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከወላጆች ጋር ስሠራ ያየሁትን ነው የምነግርዎት። ሻጩን ከዋጋው እኩል «የደህንነት አፕዴት እስከ መቼ ይመጣለታል?» ብለው ይጠይቁት። ርካሽ ሆነው ለረጅም ጊዜ የሚያገኙ አሉ፣ ቶሎ የሚቋረጥባቸውም አሉ። 64 ጊጋባይት ስቶሬጅ ቶሎ ይሞላል፤ ሲስተሙ ራሱ ከሱ ላይ ይወስዳል። ከቻሉ 128 ይሻላል፤ ራሙም (ስልኩ አፖችን ሲያሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ከ4 ጊጋባይት ባያንስ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ደህና አሮጌ ስልክ ካለ የራስዎን አካውንት ከስልኩ ላይ አውጥተው እሱን መስጠትም ይቻላል። ለመጀመሪያ ስልክ ምንም አይጎድለውም።

ሲም ካርዱ ለኔ ቅድመ ክፍያ ቢሆን ይሻላል። ሲያልቅ ያልቃል፤ ያልተጠበቀ ሒሳብ ይዞ አይመጣም። ስልኩንም አገልግሎቱንም አንድ ላይ በወር በወር የሚያስከፍል ውል ካማለለዎት መጀመሪያ የሁሉንም ወር ክፍያ ደምሩት። ብዙ ጊዜ በእጅ ከሚከፈለው በልጦ ይገኛል። ውሉም የሚታሰረው በእርስዎ ስም ነው።

ወላጅ የልጁን የስልክ አጠቃቀም የሚያይበትና የሚገድብበት መሣሪያ በአንድሮይድ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ደግሞ ስክሪን ታይም አለ። ሁለቱም ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። ከልጁ ጋር አብራችሁ ክፈቱት፤ ምን እንደሚያዩና ምን እንደማያዩ ይንገሩት። ተደብቆ መሰለልን አልመክርም። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የእናንተም አብሮ ቢያድር ደንቡ ቀላል ይሆንለታል። ዋትሳፕ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በመደበኛ ደንባቸው ከ13 ዓመት ይጀምራሉ። እባክዎ የልደት ዓመቱን አሳስተው እንዳይከፍቱለት። አባትና ልጅ በስልኩ የሚሠሩት የመጀመሪያ ሥራ አብሮ መዋሸት ባይሆን ይሻላል።

ወረቀት መጻፍ ከወደዱ ይጻፉ። ግን የሚፈርሙት እርስዎ ይሁኑ። «ስልኩ ቢሰበር፣ የሚያስፈራ ነገር ብታይ፣ ስህተት ብትሠራም፣ ራስህ መጥተህ ከነገርከኝ በመናገርህ ምክንያት ስልክህን አልወስድብህም» የሚል ቢሆን ይበቃል። ጥፋት ቅጣት የለውም ማለቴ አይደለም። ቅጣቱ ግን መናገሩን እንዳያስጸጽተው ነው። ይህ ቃል የሚፈተነው ደግሞ እርስዎ ደክሞዎት በገቡበት ምሽት ሊሆን ይችላል።

ከባለቤትዎ ጋር ያቋረጡት ንግግር እንደገና ተጀምሮ በጭቅጭቅ የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ዝም ማለት፣ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ካበዛ፣ የቤተሰብ አማካሪ ዘንድ ሄደው ፊት ለፊት ቢነጋገሩ መልካም ነው። እኔ ያነበብኩት አንድ ገጽ ነው። እነሱ ሦስታችሁንም ያዩዋችኋል።

እስከዚያው ግን ከልጅዎ ጋር አንድ ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ ስለ ታብሌቱ ያንሱበት። መኪና ውስጥ ወይም በእግር ስትሄዱ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆች ፊት ለፊት ካልታዩ ማውራት ይቀላቸዋል። «ያኔ ሦስት ሳምንት ብቻህን ስትፈራ ሳላውቅ ቀረሁ። ምን ይሉኛል ብለህ ነበር?» ይበሉት። «ረሳሁት» ሊል ይችላል። ትከሻውን ነቅንቆ ዝም ሊል ይችላል። አይጫኑት። ያን ቀን ስለ ስልኩ ምንም አያንሱ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ይሞክሩ።