ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብሎ ሴል መቁጠር

እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቀሽ ፍኖተ ሰላም አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርተሻል። ከጠዋት እስከ ማታ የወባ ስላይድ ነው፤ «ዓይኔ ፈዘዘ፣ ኑሮዬ ግን ያው ነው» ብለሻል። አሁን ደግሞ ማሽን ራሱ ሴል ፎቶ እያነሳ፣ ራሱ እየለካ መድኃኒት የሚፈተሽበት፣ ሃይ ኮንተንት ስክሪኒንግ የሚሉት ሙያ እንዳለ ሰማሽ። ማሽኑ እዚህ ከሌለ ምን ዋጋ አለው፣ ማስተርስ ልግባበት ወይስ ልተወው ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው። ማሽኑን ግን ለጊዜው እርሺው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ሙያ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ፍኖተ ሰላም ይቅርና ባሕር ዳርም አይቼ አላውቅም። ማሽኑ ውድ ነው፤ ያላቸውም በአብዛኛው የመድኃኒት ኩባንያዎችና ትልልቅ የምርምር ተቋማት ናቸው። ማስነሳቱና ማዘዙ ግን ከባድ አይደለም፣ የሚቀጥርሽ ቦታ ራሱ ያሳይሻል። ሰው የሚጠፋው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ላለው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 96 ወይም 384 ትንንሽ ጉድጓድ ያላት፣ መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ፕሌት አለች። በየጉድጓዱ ሴል ይዘራል፣ በላዩ የሚፈተሸው ንጥረ ነገር ይጨመራል። ከዚያ ኒውክሊየሱ (የሴሉ እምብርት) በአንድ ቀለም፣ ሚቶኮንድሪያው (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) በሌላ ቀለም እንዲያበራ ይደረጋል። ማይክሮስኮፑ ጉድጓድ በጉድጓድ እየዞረ ያነሳል፣ ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን ሴል ድንበር አስምሮ መጠኑን፣ ቅርጹን፣ ድምቀቱን ይለካል። ሴል ፔይንቲንግ የሚባለው ዘዴ በ6 ቀለም 8 የሴል ክፍሎችን አሳይቶ ከአንድ ሴል ብቻ 1,500 ያህል ልኬት ያወጣል።

ይሄ ካንቺ ሥራ የራቀ መሰለሽ? አንቺ እኮ 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ የወባ ፓራሳይት ቆጥረሽ፣ በ8,000 አባዝተሽ፣ ለ200 አካፍለሽ ውጤት የምትጽፊ ሰው ነሽ። ማሽኑም መቁጠርና ማወዳደር ነው የሚሠራው፣ አይደክመውም እንጂ። የጊምሳ (የስላይዱ ማቅለሚያ) ዝቃጭ የትኛው፣ ፓራሳይት የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያቃጠልሽው ዓይን ግን የለውም። እሱን ዓይን ነው የምትሸጪው።

የራሴን ውርደት ላውራሽ። ማስተርስ ስሠራ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ የካንሰር ሴል ይገድል እንደሆነ እፈትሽ ነበር። ጭማቂውን በፕሌቱ ዳርና ዳር፣ በ1ኛውና በ12ኛው ረድፍ አደረግሁት፣ ለመጨመር ስለሚመች ብቻ። በማግስቱ ፎቶውን ሳየው ሴሎቹ ተኮማትረዋል፣ ግማሹ የለም። ደስታዬን አትጠይቂኝ! አማካሪዬ አንዴ አየና «ቦታውን ቀይረህ ድገመው» አለኝ። ጭማቂውን መሃል፣ ባዶውን ውሃ ዳር አድርጌ ስደግመው ዳር ያሉት፣ ውሃ ብቻ ያገኙት፣ እንደዚያው ተኮማትረው ተገኙ። የገደላቸው ድርቀት ነበር። የእንጀራ ጠርዝ ቀድሞ እንደሚደርቀው የፕሌትም ዳር ያሉ ጉድጓዶች ቀድመው ይተናሉ፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ይበረታል፣ ሴሉ ይታመማል። በዚያ ላይ የቅጠል አረንጓዴው ራሱ በማይክሮስኮፑ መብራት ቀይ ያበራል፣ ሶፍትዌሩ ቀለም የገባበት ሴል እየመሰለው ሲለካ ከርሟል። በባህል መድኃኒት ልትሠሪ ካሰብሽ (ብዙዎቻችሁ ታስባላችሁ) ምንም ቀለም ያልነካው፣ ጭማቂ ብቻ ያለበት ጉድጓድ ሁልጊዜ ይኑርሽ።

ለምን በፎቶ ይለፋል ብትይ ካላዛርን አስቢ። ከኛው አገር ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርደው ይዘውት የሚመለሱት በሽታ። የተለመደው ሕክምና በመርፌ ነው፣ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ 17 ቀን ይሰጣሉ፣ ሕመሙም ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የሚዋጥ የተሻለ ነገር ይፈለጋል። ችግሩ ፓራሳይቱ ማክሮፌጅ የሚባለው የሰው ሴል ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። በሙከራ ቱቦ ለብቻው ሲዋኝ የሚገድለው መድኃኒት ውስጥ ገብቶ ላይገድለው ይችላል፣ ወይም ማክሮፌጁንም አብሮ ይፈጀዋል። ፎቶ ካለሽ ሁለቱንም በአንዴ ታያለሽ፦ ስንት ማክሮፌጅ ተረፈ፣ በእያንዳንዱ ውስጥስ ስንት ፓራሳይት ቀረ። ኮሪያ ያለው የፓስተር ኢንስቲትዩት በዚህ መንገድ ለካላዛር ፈትሿል። በአፍሪካ ደግሞ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ኤች ስሪ ዲ (H3D) የሚባል የመድኃኒት ምርምር ማዕከል ለወባና ለቲቢ መድኃኒት ይፈልጋል። ስሙን መዝግቢው፣ ስኮላርሺፕ ስትፈልጊ አውሮፓን ብቻ አትመልከቺ።

አሁን ምን ላድርግ ላልሽው፣ ሴልፕሮፋይለር የሚባል ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፣ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ኮድ መጻፍም አይጠይቅም። ያወጡት ሰዎች አሜሪካ ባለው የምርምር ተቋም፣ ብሮድ ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ ለመለማመጃ የሚሆን የሴል ፎቶም በነጻ አስቀምጠዋል። ትልልቆቹ ስብስቦች ዳታሽን ይጨርሱብሻል፣ ከትንንሾቹ ጀምሪ፤ ወይም ባሕር ዳር ስትሄጂ ካምፓስ ያለ ጓደኛ ያውርድልሽ። መጀመሪያ የሚያበሳጭሽ የተጠጋጉ ኒውክሊየሶች ናቸው፦ እንደ ተጣበቀ ሽንብራ ሁለቱን አንድ ብሎ ይቆጥራቸዋል። መለያውን ስታጠብቂበት ደግሞ አንዱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። እዚያ ላይ አንድ ሳምንት ብትቆዪ አይክፋሽ። ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ማስተርሱን ግቢ፣ ግን የትምህርቱን ስም አይተሽ አትምረጪ። አማካሪ የሚሆንሽን ሰው «ሴል ታሳድጋላችሁ? ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕስ (ቀለሙ ሲያበራ የሚያሳየው) የሚሠራ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። «የሚሠራ» የምትለዋን አትርሺ፣ ተሸፍኖ የተቀመጠ ብዙ አይቻለሁ። ክሊኒኩን ደግሞ ቦታ ሳታገኚ እንዳትለቂ።

እስከዚያው 20 ፎቶ ምረጪና ቁጥሩን ሳታዪ በዓይንሽ ቁጠሪ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን አስቆጥሪው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ፤ ባልገጠሙት ላይ እናወራለን።