ከእስር ወጥቶ ከክፍሉ የማይወጣው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ወንድሜ እስር ላይ ሳለ ለወራት ጨለማ ቤት ብቻውን ተዘግቶበት ነበር። አሁን ተፈቷል። ግን ለቡና ጎረቤት ሲመጣ ተነስቶ ክፍሉ ይገባል። መብራት ካልበራ አይተኛም። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። እናታችን «ልጄ ሰው ጠላ» እያለች ታለቅሳለች። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ይዘነው ብንወጣ ይሻለው ይሆን?
እህቱ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ዘንድሮ ጥምቀቱ ይቅርበት። ለወራት ሰው ያላየን ልጅ በአንዴ ያ ሁሉ ሕዝብ መሀል መክተት ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

ለእናታችሁም ንገሪያቸው፤ ሰው አልጠላም። ለብቻው የተዘጋበት ሰው እንቅልፍ ያጣል። ድምፅ ያስደነግጠዋል። ሐሳቡ ይበታተናል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን የሚጎዳም አለ። ከወጣ በኋላም ሰው ይከብደዋል።

ይህ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1829 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ፣ እስረኛ ብቻውን ሲሆን ንስሐ ይገባል ተብሎ ትልቅ እስር ቤት ተከፈተ። በ1890 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ባለው እስር ብዙዎች እንደደነዘዙ፣ ያበዱና ራሳቸውን ያጠፉም እንዳሉ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ ደግሞ እስረኛን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ ሰው መዝጋት ከ15 ተከታታይ ቀን እንዳያልፍ ይከለክላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ወንድምሽ ግን ወራት ቆየ። ጥፋተኛ ሆኖ ቢሆን እንኳ ይህ ግፍ ነው። እኔ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አሁን ቤት ውስጥ የሚጠቅመው የራሱ ምርጫ ነው። እዚያ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ሰው ነበር። እዚህ እሱ ይሁን። አታንኳኩ፤ ከደጅ ቀስ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፤ «ግቡ» ሲል ግቡ። መብራቱን አታጥፉበት። ቡናውን ለጊዜው ለቤተሰብ ብቻ አፍሉ። ቆይቶ አንድ ጓደኛ ይጨመር፤ ማን እንደሚሆን እሱ ይንገራችሁ። ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ አብራችሁ ትንሽ በእግር ሂዱ። «ምን አደረጉህ?» ብላችሁ አታስጨንቁት። ራሱ ካወራ ግን ሳታቋርጡ ስሙት፤ «እርሳው በቃ» አትበሉት።

እናታችሁ ጠበል ካሰቡ፣ እሱም ከፈለገ ይሂድ። ሕክምናው ግን አይቅር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አብረሽው ሂጂ። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት ያኔውኑ ውሰዱት።