መብራት ሲጠፋ ሥሩ ምን ይጠጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። አንዷን ክፍል ሰላጣና ቆስጣ ያለ አፈር ላበቅልባት አስቤያለሁ፤ የኤልኢዲ መብራትም ገዝቻለሁ። አንዱ ውሃ በቱቦ የሚዞርበት ይሻልሻል ይለኛል፣ ሌላው አየር የሚነፋበት ባልዲ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፓምፕ ጭራሽ አያስፈልግም ይላል። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል፣ ሌሊቱም ይበርዳል። የቱን ልያዝ? ማዳበሪያ አያሳስበኝም፤ ዩሪያና ኤንፒኤስ ከገጠር ዘመዶቼ አገኛለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ ፓምፑ ቢቆም ሥሩ ስንት ሰዓት ይቆያል ብለው ይጠይቁ። በቱቦው ዘዴ ሥሩን የሚያርሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይወርድና ሥሩ ባዶውን ይቀራል፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ በጥቂት ሰዓት ቅጠሉ ይጠወልጋል። መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለዎት ይተዉት። አየር የሚነፋበት ባልዲ የተሻለ ይታገሣል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ስላለ አይደርቅም፣ የሚያጥረው ኦክስጅን ነው።

ለእርስዎ የምንመክረው ፓምፕ አልባውን ነው። ለሰላጣና ለቆስጣ ከበቂ በላይ ነው፤ በቀን ብዙ ሊትር ለሚጠጣ ቲማቲም ግን አይሆንም። ክዳን ያለው 20 ሊትር ባልዲ ይያዙ። ለአንድ ራስ ሰላጣ 4 ሊትር ስለሚበቃ ውሃው 5 ይችላል፣ ክዳኑ ግን ይጠባልና 3 ብቻ ይትከሉ። ባልዲውን በጥቁር ላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፣ ቢጫ ጀሪካንም ብርሃን ያስገባል። ችግኙን በስፖንጅ ይዘው፣ ጎንና ታቹ በጋለ ምስማር በተበሳ የፕላስቲክ ኩባያ ክዳኑ ላይ ያስቀምጡት። ውሃው የኩባያውን ታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንካ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ከላይ የቀረው ሥር አየር መሳብ ይለምዳል፤ ሰው ግን ጎደለ ብሎ እስከ አፉ ይሞላዋል፣ ያ ሥርም ይታፈናል። መጨመር ካለብዎት ታችኛው ሥር እንዲርስ ያህል ብቻ ይጨምሩ፤ ላይኛው ግማሽ ምንጊዜም አየር ላይ ይሁን።

ዩሪያውን ለማሳ ይተዉት። በአፈር ውስጥ ዩሪያን ወደ አሞኒየምና ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አዲስ በተሞላ ባልዲ ውስጥ እነሱ በበቂ የሉም። ኤንፒኤስ ደግሞ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም፤ ናይትሮጅኑም አሞኒየም ስለሆነ ሲበዛ ሥር ይጎዳል። ለአበባ እርሻ የሚመጡትን ሙሉ ለሙሉ የሚሟሙ ማዳበሪያዎች ይፈልጉ። ለ20 ሊትር ውሃ፦ ንዑሳን ንጥረ ነገሮች የተቀላቀሉበት 4-18-38 (የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም ድርሻ) የሚል ማዳበሪያ 12 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 6 ግራም፣ ካልሲየም ናይትሬት 12 ግራም። የፊተኞቹን ሁለቱን መጀመሪያ በባልዲው ውሃ ያሟሙ፤ ካልሲየም ናይትሬቱን ለብቻው በ1 ሊትር አሟሙተው መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። ደረቁን አንድ ላይ በጥቂት ውሃ ከበጠበጡት እንደ አሬራ ይነጣል፤ የነጣው ታች ይዘቅጣል፣ ሥርም አያገኘውም። ሚዛኑ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት ይሁን፤ የኩሽና ሚዛን ለ6 ግራም አይታመንም። ኢሲው (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚያሳየው ልኬት፣ በሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር) ከ1.2 እስከ 1.8፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መጠን) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። የቧንቧ ውሃው ራሱ ጨው ስላለው አስቀድመው ይለኩት።

ብርዱን በተመለከተ፣ ውሃው ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፤ የቅጠሉ ጀርባ ሐምራዊ ሲሆን ያዩታል። ያኔ ማዳበሪያ መጨመር ምንም አይፈይድም። ባልዲውን ከሲሚንቶ ወለል አንስተው ጣውላ ወይም ፎም ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። አየር የሚነፋበት ባልዲ ነው ያለኝ። ውሃው ሞልቶ ሳለ ሰላጣው በቀትር ይጠወልጋል፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ማዳበሪያ ብጨምርበት ባሰበት።

መልስ፦ የሥር መበስበስ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ ሞቃት ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም። ማዳበሪያው የባሰበት ጨው ሲበዛ የተጎዳ ሥር ውሃ መሳብ ይበልጥ ስለሚያቅተው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውሃውን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ከ24 ዲግሪ ካለፈ ምክንያቱን አግኝተውታል።

ውሃውን ይድፉ። ባልዲውን በሊትር 10 ሚሊ ሊትር በረኪና በገባበት ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁ። የላሸቀውን ሥር ቆርጠው ማዳበሪያው በግማሽ መጠን በተበጠበጠበት አዲስ ውሃ ይጀምሩ። በሞቃት ሰዓት በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ባልዲው ውስጥ ይክተቱ። የአየር ድንጋዩ (በቱቦው ጫፍ አየሩን በአረፋ የሚበትነው) አረፋው ከቀነሰ በኖራ ተደፍኗልና ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ፓምፑን ደግሞ ከውሃው ከፍታ በላይ ይስቀሉት፤ ከታች ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። የሥሩ ላይኛው ሲሶ ከውሃው ውጪ ቢሆን መብራት የጠፋበትን ሰዓት ይሻገራል።

ጥያቄ፦ ፒኤች ለማውረድ የሎሚ ጭማቂ ይሆናል? (ደሴ)

መልስ፦ ለአንድ ሁለት ቀን ያወርደዋል። ከዚያ ውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሲዱን ስለሚበሉት ይመለሳል፤ ስኳሩም ባክቴሪያ ይመግባል። ፎስፎሪክ አሲድ አቅጥነው በጠብታ ይጨምሩ፤ ጓንት ያድርጉ፣ ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ።