የተሸረፈች ሲኒ ፎቶ ትነሳለች?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስቱዲዮ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ካሜራዬ ስልኬ ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ የሚታይባቸውን፣ ሌላው ባዶ የሆነውን፣ ሚኒማሊስት የሚሏቸውን ፎቶዎች እወዳለሁ። እኔ ሳነሳ ግን ሲኒዬ ሳትታጠብ የተረሳች ዕቃ ትመስላለች። ጓደኛዬም «ሲኒና ማንኪያ ምኑ ይነሳል? እንጦጦ ውጪና አንሺ» ትለኛለች። ቤቴ ጠባብ፣ ዕቃዬም ተራ ነው። ከየት ልጀምር? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንጦጦም ይነሳል። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ ሲኒ ነውና እሱን እናውራ።

እኔ ለብዙ ዓመታት የኖርኩት በጉርድ ፎቶና በሠርግ ነው። ዕቃ ማንሳት አስቤም አላውቅም። አንድ የሐምሌ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን መብራት ጠፋ። እናቴ ሲኒዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ሻማ ፍለጋ ተነሳች። ሲኒዋ አፏ ላይ የተሸረፈች ናት፤ እንጣልልሽ ብንላት በጄ አትልም። አምፖሉ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ የቀረው የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ነበር። ብርሃኑ በአንድ ጎኗ ገብቶ፣ ክብነቷን ተከትሎ ቀስ እያለ ይደበዝዝና በሌላው ጎኗ ጨለማ ይሆናል። ሽርፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀጭን ነጭ መስመር ያወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ሲኒ ናት፤ ክብ መሆኗን ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። «እማዬ፣ ሻማውን ተይው» አልኳት።

ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉን አጥፊ። የመስኮት ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ ብዙዎቹ የቤት አምፖሎች ወደ ቢጫ ያደላሉ፤ ሁለቱ አንድ ሲኒ ላይ ሲገናኙ ቀለሙ ይረበሻል፣ ጥላውም ሁለት ይሆናል። ጠረጴዛሽን ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው መስኮቱ አጠገብ አድርጊው። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልስልሻል። በበጋ ፀሐይዋ በቀጥታ ስትገባ መስኮቱ ላይ ነጠላ ስቀዪ፤ እኔ እስከዛሬ ከዚህ የተሻለ ማለስለሻ አልገዛሁም። ረጅምና ጥርት ያለ ጥላ ከፈለግሽ ደግሞ ነጠላውን አንሺና፣ መስኮትሽ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ፣ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሞክሪ። እኩለ ቀን ላይ የአገራችን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ጥላው ያጥራል።

ሲኒሽ የተረሳች የመሰለችበትን ምክንያት ልንገርሽ። ቆመሽ፣ ስልኩን ወደ ታች አዘንብለሽ ነው ያነሳሻት። ዕቃ ስናጥብም ስናነሳም የምናያት ከዚያው ከፍታ ነው፤ ለዓይን አዲስ ነገር የለውም። ወይ ጎንበስ ብለሽ ስልኩን ከሲኒዋ አፍ ጋር እኩል አድርጊው፣ ወይ ቀጥ ብለሽ ከላይ ተመልከቻት። ከላይ ካነሳሽ አተላውን አትድፊው። ጠጥተሽ ስትጨርሺ የሚቀረው ጥቁር ክብ ራሱ ፎቶ ነው።

ስልክ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ነጭ ሲኒ ነጭ ወረቀት ላይ ስታስቀምጪ ያጠይመዋል፤ ጥቁር ጀበና ስታሳዪው አመድ ያስመስለዋል። በአብዛኛው ስልክ ዕቃውን ስትነኪ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ለሲኒዋ ትንሽ ወደ ላይ፣ ለጀበናው ወደ ታች ጎትቺው። ሌንሱንም ጥረጊ፤ ዘይት የነካው ጣት ያለፈበት ሌንስ ጉም ያመጣል።

የቤትሽ ጥበት አያሳስብሽ። የሚያስፈልግሽ የአንድ ሌማት ስፋት ነው። ወፍራም ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ፣ ሳታጥፊው ጎበጥ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው፤ ከጀርባ ያለው ዕቃ ሁሉ ይጠፋል።

ዮሴፍ ሱዴክ የሚባል የቼክ ፎቶ አንሺ ነበር። ቀኝ እጁን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥቷል። ፕራግ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ፣ የስቱዲዮውን መስኮት ማንሳት ያዘ። ውኃ ያለበት ብርጭቆ፣ እንቁላል፣ ጠል የያዘው መስታወት፤ በዚያችው መስኮት ዓመታት ሠራባት። ለጓደኛሽ ደግሞ ፎቶ አንሺው አንድሬ ከርቴስ እ.ኤ.አ. በ1928 ፓሪስ ላይ ያነሳትን ሹካ አሳያት። ሳህን ጠርዝ ላይ የተደገፈች አንዲት ሹካ ናት፤ ከሹካዋ ይልቅ ጥላዋ ነው የሚያስቆምሽ። ፎቶውን ሳየው የእናቴ መስኮት ትዝ ይለኛል።

ለፎቶ ብለሽ አዲስ ሲኒ እንዳትገዢ አደራ። የምትጠጪባትን አንዷን ምረጪና ሰባት ቀን፣ በየቀኑ በተለያየ ሰዓት፣ እሷኑ ብቻ አንሺ። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ሌላ ቦታ ያየሽውን እንደሚመስል ከራሴ አውቃለሁ። የሰባተኛውን ቀን ላኪልኝ።